ግብር ጣሉብን ያሉ ነጋዴዎች

ከዐሥር ዓመት በፊት ነው። አጎቴ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ዓመታዊ የንግድ ግብሩን ሊከፍል ወደ ከተማው ቢሮ ሲሄድ «ና እስቲ አስተርጉምልኝ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል፤ ብቻውን ወረፋ መቆም ስለሚሰለቸው ነው።

ከፊታችን አንድ ሸበቶ ሰውዬ ቆሟል። ትከሻው ላይ የስፖርት ቦርሳ አንጠልጥሏል፣ ከጎኑ ግድግዳ የሚያክል ጠባቂ አለ። ተራው ደርሶ ቦርሳውን ሲከፍተው በላስቲክ የታሰረ ጥሬ ዶላር ነው። እኔ ዓይኔ ፈጠጠ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ግን ሽንኩርት የምትመዝን ይመስል ገንዘቡን በመቁጠሪያ ማሽን አሳልፋ ደረሰኝ ሰጠችው። ሰውየው ደረሰኙን ሁለቴ አነበበውና አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«የጋንጃ ሱቅ አለው» አለኝ አጎቴ። «ባንክ ገንዘቡን አይቀበለውም፤ ከተማው ግን ይቀበለዋል።» ትንሽ ቆየና ሳቅ አለ፦ «የእኛን ጫት ይዤ ብመጣ ደግሞ እዚሁ በካቴና ያስሩኝ ነበር።»

ልክ ነው። እኛ ጨርጨር ጫት ኬላ ላይ ግብሩ ተከፍሎለት፣ ደረሰኙ ከሹፌሩ እጅ ሳይጠፋ የሚያልፍ ሕጋዊ ዕቃ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጧል። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ካናቢስም እዚያው ረድፍ ላይ ነበር። ሸበቶውን ሰውዬ ከአጎቴ ጫት የለየው ኦክላንድ የቆረጠችለት ደረሰኝ ብቻ ነው።

የደረሰኝ ነገር በቤታችን ቀልድ አይደለም። አያቴ የመሬት ግብር ደረሰኞቹን በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፎ አልጋው ሥር ያስቀምጥ ነበር። ድንበር ሲገፋ፣ ውርስ ሲነሳ፣ ሽማግሌ ሲሰበሰብ፣ ሣጥኑ ይወጣል። «ግብር የገበርኩበት ነው» ካለ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ያ ሰውዬ ደረሰኙን ሁለቴ ሲያነበው አያቴን አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮም የኦክላንድን ታሪክ መቆፈር ያዝኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

እንዳይከፈል የተጣለ ግብር

አሜሪካ በ1937 ማሪዋናን በመላ አገሪቱ ለመዝጋት ያወጣችው ሕግ ስሙ የግብር ሕግ ነበር። ተመዝግቦ ፈቃድ ላለው ሰው በአንድ አውንስ፣ ማለትም በ28 ግራም ገደማ፣ አንድ ዶላር፤ ላልተመዘገበ ሰው ሲተላለፍ ግን 100 ዶላር። በዚያ ዘመን 100 ዶላር ስንት እንደነበር አስቡት።

ግብሩን እከፍላለሁ የሚል ቢመጣም ወጥመድ ነው። ክፍለ ግዛቶቹ ተክሉን ከልክለውት ስለነበር ለመክፈል መቅረብ ማለት በራስ ላይ መመስከር ነው። አልከፍልም ካለ ደግሞ በግብር ማጭበርበር ይከሰሳል። ይህ ነገር ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። በ1969 የቀድሞው የሃርቫርድ መምህር ቲሞቲ ሊሪ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ ዳኞቹ ሕጉ ሰውን በራሱ ላይ እንዲመሰክር ያስገድዳል አሉ። በዓመቱ ኮንግረስ ግብሩን ትቶ ቀጥተኛ ክልከላ አወጣ።

ከተማዋ ጣልቃ ስትገባ

በ1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ፕሮፖዚሽን 215ን አጸደቀ። ሐኪም የፈቀደለት በሽተኛ ካናቢስ መያዝም ማብቀልም ይችላል ተባለ። ከየት ይገዛል? ሕጉ ዝም ነው። በካንሰርና በኤድስ የሚሠቃይ ሰው ጓሮ ቆፍሮ ይዝራ ወይስ መንገድ ዳር ይግዛ? ያ ዝምታ የወደቀው ከተሞች ጫንቃ ላይ ነው።

ኦክላንድ ደፋር ነበረች። በ1998 ለበሽተኞች ካናቢስ የሚያቀርበውን የኅብረት ሥራ ማኅበር «የከተማው ሹማምንት» ብላ ሰየመች! የፌዴራሉ ሕግ ሥራቸውን የሚሠሩ የመንግሥት ሹማምንትን ስለማይከስ በዚያ ቀዳዳ ልታሾልካቸው ነው። ዳኛው አልተቀበለውም። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ለሕክምና ነው» የሚለው መከላከያ በፌዴራል ሕግ ፊት አይሠራም ብሎ ዘጋው።

ከተማዋ ግን ወደኋላ አላለችም። በ2004 ሥርዓት አወጣች፦ አራት ሱቆች ብቻ፣ በፈቃድ፣ በቁጥጥር። እነዚያ አራቱ ናቸው እንግዲህ የታሪኬ ነጋዴዎች።

ሐምሌ 2009

እኛ አገር «ሐምሌ 2009» ሲባል ብዙ ነጋዴ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። የቀን ገቢ ግምቱ ተለጥፎ፣ የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች «ይህን ሁሉ ከየት አምጥቼ?» ብለው በአንዳንድ ከተሞች ሱቅ የዘጉበት ክረምት። በፈረንጆቹ 2017 መሆኑ ነው።

በፈረንጆቹ ሐምሌ 2009 ደግሞ ኦክላንድ ውስጥ ተቃራኒው ሆነ። የገንዘብ ቀውሱ ከተማዋን አድቅቋት 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የበጀት ጉድለት ላይ ተቀምጣለች። ያኔ የካናቢስ ሱቆቹ ራሳቸው «እኛ ላይ የተለየ ግብር ጣሉ» የሚለውን ሐሳብ ደግፈው ተነሡ። እስከዚያ ድረስ ከ1,000 ዶላር ሽያጭ የሚከፍሉት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር፤ አዲሱ 18 ዶላር ሆነ። ዐሥራ አምስት እጥፍ! «ሜዠር ኤፍ» የተባለው ሐሳብ በፖስታ በተላከ ድምፅ 80 በመቶ ገደማ ድጋፍ አግኝቶ አለፈ። አሜሪካ ውስጥ በካናቢስ ንግድ ላይ የራሷን ግብር የጣለች የመጀመሪያዋ ከተማ ኦክላንድ ሆነች።

መጀመሪያ ሳነበው ሞኝነት መሰለኝ። ሰው እንዴት ግብር ይለምናል? ከዚያ የአያቴ ሣጥን ትዝ አለኝ። ግብር የሚከፍል ሰው ከከተማው ጋር ጉዳይ አለው። ከንቲባው በጀት ሲያወጣ ያስታውሰዋል። በሩ በፌዴራል ፖሊስ ቢሰበር የቤተ መጻሕፍቱና የእሳት አደጋው ገንዘብ አብሮ ይሰበራል።

ስሌታቸው ሠራ። በ2012 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የትልቁን የኦክላንድ ሱቅ፣ የሃርበርሳይድን ሕንፃ ለመውረስ ሲነሳ ከተማዋ ራሷ የፌዴራሉን መንግሥት ከሰሰች። ካቀረበቻቸው ምክንያቶች አንዱ የሚቀርባት የግብር ገቢ ነበር። የከተማዋ ክስ በፍርድ ቤት አልተሳካም፤ ነገር ግን ዓመታት አለፉና በ2016 መንግሥት ውርሱን ተወው። ሱቁ ቆመ። የሣጥኑ ደረሰኝ ተመዘዘ ማለት ይኸው ነው።

ሁሉም እጁን ሲሰድ

አንዴ ግብር የሚከፍል ከተገኘ ግን ጠያቂው ይበዛል። በ2010 ኦክላንድ 18 ዶላሩን 50 አደረገችው፤ ለሕክምና ላልሆነው ሽያጭ 100። ልብ በሉ፣ ይህ ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። የእኛን ቲኦቲ የሚያውቅ ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል፦ ቢከስርም ይከፍላል።

ከላይ ደግሞ ፌዴራሉ አለ። በ1981 አንድ የሚኒያፖሊስ ዕፅ ሻጭ የሚዛኑን፣ የስልኩን፣ የመኪናውን ወጪ ከገቢዬ ቀንሱልኝ ብሎ የግብር ፍርድ ቤት ፈቀደለት። ኮንግረስ ተናደደና በ1982 በሩን ዘጋው፦ የተከለከለ ዕፅ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ካገኘበት ዋጋ በቀር ሌላ ወጪ ማቀናነስ አይችልም። ለመንገድ ዳር ሻጭ የተጻፈችው አንቀጽ 280ኢ ከዓመታት በኋላ ፈቃድ ያላቸውን ሱቆች አገኘቻቸው። የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ከፍለው እንዳልከፈሉ ይቆጠራሉ። በ2018 ሃርበርሳይድ ራሱ በዚሁ አንቀጽ ተከራክሮ ተረታ።

በ2016 ፕሮፖዚሽን 64 ካናቢስን ለማንኛውም አዋቂ ሲፈቅድ ክፍለ ግዛቱም 15 በመቶ ኤክሳይዝ ይዞ መጣ፤ አራሹም በያንዳንዱ አውንስ አበባ 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም እንዲከፍል ተደረገ። ጥር 1 ቀን 2018 ሽያጩ ሲጀመር፣ የኦክላንድ ሱቅ የከተማውን ግብር ደንበኛው ላይ ከጨመረ 100 ዶላር የተባለው ዕቃ ካሻሻጩ ዘንድ ሲደርስ 135 ይጠጋል። የመንገድ ዳሩ ሻጭ ደግሞ አሁንም 100 ይላል፤ ምናልባትም ያንሳል። ሕጉ ለከተሞች «ካልፈለጋችሁ ከልክሉ» የሚል ሥልጣን ስለሰጠ አብዛኞቹ የካሊፎርኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች ሱቅ አናስገባም አሉ። ሱቅ በሌለበት ከተማ የድሮው ሻጭ ማን ነክቶት? የአራሹ ግብር በ2022 ተነሣ፤ ኦክላንድም ቆይታ ለትንንሾቹ ቀነሰች። ብዙዎቹ ግን እስከዚያ ዘግተዋል።

ደረሰኝ ያልተቆረጠላቸው

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ወረፋ አለ። ኦክላንድ ፈቃድ ከማብዛቷ በፊት የራሷን መዝገብ አገላበጠች። በ2015 ከካናቢስ ጋር በተያያዘ ከታሰሩት 77 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ፤ ነጮቹ 4 በመቶ። በከተማዋ ግን የሁለቱ ቁጥር ይቀራረባል። እንግዲህ አንዱ በቦርሳ ገንዘብ አምጥቶ ደረሰኝ ሲወስድ፣ ሌላው በዚያው ዕቃ እስር ቤት ይገባ ነበር።

በ2017 ከተማዋ አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገች። በመጀመሪያው ዙር ከሚሰጡት ፈቃዶች ግማሹ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የኦክላንድ ነዋሪዎች ይሁን አለች፦ በካናቢስ ተፈርዶባቸው ለነበሩ፣ ወይም ፖሊስ አብዝቶ በሚያስርባቸው ሰፈሮች ለ10 ዓመት ለኖሩ። የፍርድ ወረቀቱን እንደ ግብር ደረሰኝ ተቀበለችው ማለት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ነበር።

ሐሳቡን ሳነብ ልቤ ሞላ። ከዚያ ቁጥሩን ሠራሁት። ፈቃዱን ያገኘው ሰው ኪራይ፣ ካሜራ፣ ካዝና፣ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ባንክ አያበድረውም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ይመጣና «ስምህን አምጣ፣ እኔ አለሁ» ይለዋል። እኛ አገር ይህን በደንብ እናውቀዋለን። መሬት ኖሮት በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ደረሰኙ በስሙ፣ እህሉ በሌላው ጎተራ። ደግሞ ብድር ተሟልቶለት የቆመው ሌላ ፈተና ገጠመው፦ በ2020 ግንቦትና በ2021 ኅዳር ዘራፊዎች በርካታ የኦክላንድ ካናቢስ ንግዶችን ሰባብረው ገቡ። ባለቤቶቹ ወደ ከተማው አዳራሽ መጥተው ጠየቁ፦ ይህን ያህል እየከፈልን ስንዘረፍ ጠባቂያችን ማን ነው?

ጥያቄው ከ2009 ውል የወጣ ነው። ያኔ ነጋዴው ግብር ጣሉብን ሲል የፈለገው ሲገፋ ከጎኑ የሚቆም ነበር።

አጎቴ አሁን ታክሲውን ትቷል። ይህን ሁሉ ባለፈው ቡና ላይ ስተርክለት ፍንጃሉን አስቀምጦ ስለዚያ ሸበቶ ጠየቀኝ፤ ሱቁ እንዳለ አላውቅም። «አባባ ሣጥኑን የሚያወጣው መቼ ነበር?» አለኝ ቀጥሎ። ሽማግሌ ሲሰበሰብ አልኩት። «አዎ። ደረሰኙን የሚያነብ ሽማግሌ ባይኖርማ ወረቀት ነው።»