እቴጌ መነን በጅቡቲ ወደብ

ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. «ኢንተርፕራይዝ» የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ መንገደኞቹን ተቀብሎ ከጅቡቲ ወደብ ተነሣ። ስለዚያ ቀን የሚጽፉ ሁሉ የሚያነሡት ንጉሠ ነገሥቱን ነው፤ መሄዳቸው ተገቢ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልበረደም። ከእርሳቸው ጋር የተሳፈሩት እናት ግን ብዙውን ጊዜ ከልጆቻቸው ጋር ባንድ ቃል ተጠቅሰው ይታለፋሉ። ይሁን እንጂ የእቴጌ መነን አስፋው የእናትነት ታሪክ ከቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ይልቅ ከዚህ ወደብ ላይ ሆኖ ሲታይ ይገለጣል። አስቀድሞ የከፈሉትም ኋላ የከፈሉትም ዋጋ በዚህ ቀን ይገናኛልና።

ጅቡቲ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ከተማ አልነበረችም። 784 ኪሎ ሜትር የሆነው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የአገሪቱ ትልቁ በር እርስዋ ነበረች፤ ቡናውና ቆዳው በዚያ ይወጣል፥ ጨርቁና መሣሪያው በዚያ ይገባል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኳንንቱን አስከትለው በክብር ወደ አውሮፓ የተሻገሩት በዚሁ በር ነው። ወይዘሮ መነን በዚያ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ልዑል መኰንን በጥቅምት ወር 1917 ዓ.ም. ተወለዱ። ያ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በዚያው ወደብ ከእናቱ ጋር ስደተኛ ሆኖ ቆመ።

እቴጌ መነን የአምባሰል ተወላጅ ናቸው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፥ እናታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ሲጋቡ ከቀድሞ ትዳራቸው የወለዱአቸው ልጆች ነበሩአቸው፤ ከዚህኛውም ስድስት ወለዱ። መከራቸው የጀመረው ግን በጣልያን ጊዜ አይደለም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ጦር ሲገጥም በአንድ ወገን አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል ለተሻሩት ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ተሰልፈው ነበር፤ በሌላው ወገን የቆመው አልጋ ወራሽ የሆኑት የባለቤታቸው የራስ ተፈሪ ወገን ነው። ልጅ ኢያሱ ለወይዘሮ መነን የእናታቸው ወንድም ናቸው። ማንም ቢያሸንፍ ለእርሳቸው ኀዘን ነበረ። አያታቸው ተሸንፈው በተማረኩበት በዚያ ቀን ልጃቸው አስፋ ወሰን የሦስት ወር ሕፃን ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ዘውድ ጫኑ፤ በማግሥቱም ዓመት በስማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሴት ልጅ ማጀት እንጂ ፊደል አያስፈልጋትም በሚባልበት ዘመን እቴጌይቱ የሌሎችን እናቶች ልጆች ለትምህርት መሰብሰባቸው ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እውነቱ ሳይሸሸግ መነገር አለበት፤ በዚያው ዘመን የገዛ ልጃቸው ልዕልት ዘነበወርቅ በለጋ ዕድሜ ለትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ። ጋብቻው ሁለት ቤቶችን ለማስታረቅና መንግሥትን ለማጽናት የታሰበ ነበረ። የሌላውን ሴት ልጅ ለፊደል ያበቃች እናት የራስዋን ለመንግሥት ጉዳይ መስጠትዋ የዘመኑን ሸክም ያሳያል። ልዕልቲቱ ከጦርነቱ አስቀድሞ ዐረፉ፤ ባለቤታቸውም በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣልያን ድንበር ሲሻገር ለጠላት ገቡ። እናቲቱ ልጃቸውን የሰጡለት ነገር እንኳ አልተረፈም።

በመጋቢት የማይጨው ጦርነት ጠፋ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሣዊው ቤተ ሰብ በባቡር ተነሣ፤ በድሬዳዋም አልፎ በማግሥቱ ጅቡቲ ደረሰ። በመርከቡ ላይ ከእናታቸው ጋር የተሳፈሩት ልዑል ሣህለ ሥላሴ ዕድሜአቸው አምስት ዓመት ነበር።

በወደቡ ላይ ካሉት ይልቅ የሌሉት ይበዛሉ። ልዕልት ዘነበወርቅ በመቃብር ናቸው። የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ጦራቸውን ይዘው ቀርተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከእቴጌይቱ በፊት የወለዱአቸው ልዕልት ሮማነወርቅም ከባለቤታቸው ከደጃዝማች በየነ መርዕድና ከልጆቻቸው ጋር በአገር ውስጥ ነበሩ። መርከቡ እነዚህን ሳይጠብቅ ሄደ። በማግሥቱ፥ ሚያዝያ 27 ቀን፥ የጣልያን ጦር በዝርፊያና በቃጠሎ የተጐዳችውን አዲስ አበባን ያዘ። በዚያች ከተማ መርከብም ባቡርም የሌላቸው ስንት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በየጓሮው እንደተሸሸጉ ማሰብ ተገቢ ነው። የእቴጌይቱ ኀዘን ከእነዚያ ኀዘን ጋር እንጂ በላዩ የሚቆም አይደለም።

ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው አቤት ለማለት ወደ አውሮፓ ሲሄዱ እቴጌይቱ በቅድስት አገር ቆዩ። አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን በቤተልሔም ለሚገኘው የልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተሳሉ፤ ኋላም ስለታቸውን ፈጸሙ። የስደቱን ዘመን ከፊሉን በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፥ ከፊሉን በኢየሩሳሌም አሳለፉ፤ የእንግሊዝ ብርድ ለጤናቸው አልተስማማም ነበር። ክፉው ወሬ የደረሰውም በዚያ በስደቱ ዘመን ነው። ራስ ደስታ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ደጃዝማች በየነም በዚያው ወር ተገደሉ። ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በቱሪን ሞቱ። ልዕልት ፀሐይ ግን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ትምህርት ተምረው ጨረሱ፤ በስደት ከተገኘው ሁሉ እናቲቱን ያስደሰተ አንዱ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የንጉሠ ነገሥቱ መመለሻ በጅቡቲ በር አልሆነም። ከተማይቱ እስከ 1935 ዓ.ም. በቪሺ መንግሥት ሥር ስለ ነበረች ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት በሱዳን ነው። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ልዕልት ፀሐይ ከሌተና ኮሎኔል አቢይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ወለጋ ሄዱ፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት በወሊድ ምክንያት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራላቸው፤ ኋላ ጦር ኃይሎች የተባለው እርሱ ነው።

እቴጌይቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ትምህርት ቤታቸውን አልተውም። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጃገረዶች በአዳሪነት ይማሩበት ጀመር፤ በአዚናራ ደሴት ታስረው የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዳይሬክተርነት መሩት። ለልጃገረዶቹ የበቁ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር መገኘታቸው በጅቡቲ ወደብ ማንም ያላሰበው ነገር ነው። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ትምህርት ቤቱ የካቲት 12 ተብሎ ነበር።

ልዑል መኰንን ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። ከንጉሠ ነገሥቱ ከወለዱአቸው ከስድስቱ ልጆቻቸው ሦስቱን በሕይወት ሳሉ የቀበሩት እናት የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በጅቡቲ ወደብ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበሩት ልዑል ሣህለ ሥላሴ፥ የመጨረሻው ልጃቸው፥ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ተከተሉአቸው።