የተማሪዎች ጉልበተኝነት በቢቸና እና በሞጣ

የተማሪዎች ጉልበተኝነት አንድ ተማሪ ወይም ቡድን ራሱን መከላከል የሚያቅተውን ሌላ ተማሪ ሆን ብሎ፣ በተደጋጋሚ የሚበድልበት ድርጊት ነው። ሆን ተብሎ መደረጉን፣ መደጋገሙንና የአቅም አለመመጣጠኑን በመለያነት ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስዊድን ጥናቱን የጀመረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልቬዩስ ነው። በዚህ መለኪያ ሁለት እኩዮች በእረፍት ሰዓት ተጣልተው ቢደባደቡ ጉልበተኝነት አይባልም፤ በአንድ ልጅ ላይ ቅጽል ስም ለጥፎ ወር ሙሉ መሳለቅ ግን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ተማሪዎች 32 በመቶው ከመጠየቃቸው በፊት በነበረው አንድ ወር ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደተበደሉ ገልጿል።

ቢቸና እና ሞጣ ከደጀን በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ላይ ያሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። ከዙሪያቸው ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡ ልጆች ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ፤ ስንቃቸውን ከቤተሰብ ያመጣሉ። ለጥቃቱ ይበልጥ የተጋለጡት እነዚህ ናቸው። በአነጋገራቸው፣ በልብሳቸውና በጫማቸው «ባላገር» እየተባሉ ይላገጥባቸዋል፤ ደብተር መንጠቅ፣ ሳንቲም መቀማት፣ የቤት ሥራ በግድ ማሠራትም አለ። በሴቶቹ ላይ የመንገድ ለከፋ ይጨመራል። ማታ ኪራይ ቤታቸው ሲገቡ ፊታቸውን አይቶ «ምን ሆንህ? ምን ሆንሽ?» የሚል ወላጅ የለም።

በደሉ ብዙ ጊዜ አይነገርም። አቤት ያለ «አሳባቂ» ይባላል፤ ወንድ ከሆነ «ፈሪ» ይከተለዋል፤ ጀግንነት በሚወደስበት በጎጃም ይህ ቀላል ስድብ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ለጸብ የሚሰጡት የተለመደ መልስ ደግሞ ሁለቱንም ወገን «ወላጅ አምጡ» ማለት ነው። የከተማው ልጅ ወላጁን ከሰዓት ይዞ ይመጣል። ቤት የተከራየው ልጅ አባት ግን የሰዓታት የእግር መንገድ ርቆ፣ ምናልባትም አጨዳ ላይ ነው። ቅጣቱ የሚከብደው ተበዳዩ ላይ ስለሆነ አሠራሩ ፍትሐዊ አይደለም። ልጁ ዝም ይላል፣ ይቀራል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለሳል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል፤ ዱላ የሚታይበት ክፍል ጉልበትን ያስተምራልና ድንጋጌው ከዚህም ጉዳይ ጋር ይያያዛል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ትምህርት አቋርጠው የሚመለሱ ልጆች ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ክፍል ሲቀመጡ የአቅም ልዩነቱ ይሰፋል። የክፍል ኃላፊ መምህሩና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ በቅርብ ያሉ መፍትሔ ሰጪዎች ናቸው። ለተከራይ ተማሪ ግን ከወላጅ ይልቅ አከራዩን ወይም ከተማ ያለ ዘመዱን መጥራት ቢፈቀድ፣ ክሱን ያለ ፍርሃት ማቅረብ ይችላል።