የለውጥ ቀጠና

በማህፀን በር ላይ ሁለት ዓይነት ህዋሳት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ወደ ብልት የዞረውን ገጽ ጠፍጣፋና የተደራረቡ ህዋሳት ሸፍነውታል፤ ወደ ማህፀን የሚያስገባውን ቦይ ደግሞ ንፍጥ የሚያመነጩ፣ በአንድ ረድፍ የቆሙ ረዣዥም ህዋሳት ይዘውታል። ድንበራቸው ግን ችካል የለውም፤ ከዕድሜ ጋር ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ ኋላም ስታረግዝ፣ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የቦዩን ህዋሳት ወደ ውጭ ያወጣቸዋል። እዚያ የብልት አሲድ ይጠብቃቸዋል። ረዣዥሞቹ አይችሉትም፤ ቀስ በቀስ ቦታቸውን ጠፍጣፋዎቹ ይወስዳሉ። በቀድሞውና በአዲሱ ድንበር መካከል ያለውን ይህን ስፍራ ሐኪሞች «ትራንስፎርሜሽን ዞን» ይሉታል፤ በአማርኛ «የለውጥ ቀጠና» ቢባል ያስኬዳል። ስም የሚያስፈልገውም ያለ ምክንያት አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚሁ ጠባብ ቀለበት ነው፤ ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ በመለወጥ ላይ ያሉትን ህዋሳት በቀላሉ ያጠቃል።

ማረጥ ሲመጣ፣ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ኤስትሮጅን ይቀንሳል። የማህፀን በር ይኮማተራል፤ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ሲነካም ቶሎ ይደማል። ድንበሩ ወደ ቦዩ ውስጥ ይሸሻል። ዓለም አቀፉ የኮልፖስኮፒ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ምደባ፣ በከፊል ወይም በሙሉ የማይታየው ቀጠና «ዓይነት 3» ተብሏል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው ምርመራ የማህፀን በርን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ፣ አቼቶ ውስጥ በሚገኘው አሲድ መሆኑ ነው፣ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። አጠራጣሪው ቦታ ይነጣል። ቀጠናው ከተደበቀ ግን የሚነጣውን ማን ያየዋል? የ56 ዓመት ሴት «ምንም አልታየም» ብትባል፣ ምንም የለባትም ማለት ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2021 መመሪያም ይህ ምርመራ ቀጠናቸው ለማይታይ ሴቶች እንደማይሆን ይገልጻል። የኤችፒቪ ዲኤንኤ ምርመራ ድንበሩን ማየት አይጠይቅም፤ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ ትችላለች።

ፓፕ ምርመራም ቢሆን ካረጡ በኋላ ያምታታል፤ ከሳሳው ሽፋን የተወሰዱት ህዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የታመሙትን ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ አንዳንዴ ሐኪሙ በብልት የሚገባ የኤስትሮጅን ቅባት ለጥቂት ሳምንታት አዝዞ ምርመራውን ይደግማል። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ግን በመሳሳት ብቻ ተመካኝቶ አይታለፍም፤ ጠብታም ቢሆን ለሐኪም ይነገራል።