በቼሪ ክሪክ ዳር የሚፈስ ግስ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ግሌንዴል ዙሪያዋን በዴንቨር የታጠረች፣ ግን የራሷ ከንቲባ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ቼሪ ክሪክ የሚባለው ጅረት በእሷ በኩል አልፎ፣ ዴንቨር መሃል ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ጋር ይገናኛል። ይህን ጅረት ያዙልኝ።

አገር ቤት የእንግሊዝኛው «ረን» ማለት «ሮጠ» ነው ብለው አስተማሩን። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያደረገው ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? እዚህ ስንመጣ ግን ወተት ሲያልቅ «ረን» አሉ። የልጁ አፍንጫ ሲፈስ «ረን»፣ አውቶቡሱ ሲመላለስ «ረን»፣ ሰውየው ለምርጫ ሲወዳደር «ረን»። ሱቅ የምታስተዳድረው እናታችንም፣ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ረን» ታደርጋለች! ስንቱ አዲስ ገቢ ግራ ገብቶት ዝም ብሏል፤ ያ ዝምታ አሁንም ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ «ሪናን» ይባል ነበር፤ አንዳንዱ ድምፁን አገላብጦ «ኢርናን» ይለው ነበር። ከስካንዲኔቪያ ባሕር ተሻግረው የመጡት ሰዎችም «ሪና» የሚል የቅርብ ዘመዱን ይዘው ገቡ። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ለሚሮጥ ሰውም ለሚፈስ ውሃም ያገለግል ነበር። የጀርመኑ ዘመዱ «ሪነን» ዛሬም የሚናገረው ስለሚፈስ ነገር ነው።

በሩጫው በኩል አትግቡ፤ በውሃው ግቡ። ጅረቱ ይወርዳል፤ አፍንጫም እንዲሁ። መንገዱ ወደ አውሮራ ከተማ ይዘልቃል፤ የቤት ኪራይ ውሉ እስከ ዓመት ይሄዳል። ወተቱ ፈስሶ ያልቃል። ሱቅ «ረን» ማድረግም ሥራው ሳይቆም እንዲሄድ ማድረግ ነው። የምርጫው ግን ከእሽቅድምድም የመጣ የአሜሪካኖች አነጋገር ነው፤ እንግሊዞች ለምርጫ «ይቆማሉ» እንጂ አይሮጡም። የእኛ አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ግስ ሰጥቷል፦ ፈሰሰ፣ አለቀ፣ ዘለቀ፣ መራ፣ ተወዳደረ። ስለዚህ መደናገራችን የአእምሮ ድክመት አይደለም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ፒተር ጊሊቨር እንኳ ለዚህ አንድ ግስ ዘጠኝ ወር ያህል ደክመው 645 ትርጉም ነው ያገኙለት።

ከ«ረን» ሁሉ የምወደውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴንቨር ውስጥ ዩኒየን ታክሲ የተባለ ማኅበር ሥራ ጀመረ። ከአፍሪካ የመጡ ሾፌሮች በብዛት ነበሩበት፤ ባለቤቶቹም ሾፌሮቹ ራሳቸው ነበሩ። ታክሲውን ይነዱ፣ ድርጅቱንም «ረን» ያደርጉ ነበር።