ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ፦ ወረራ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ሳቢያን ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ፕሌይስቴሽን በሰዓት ከሚያከራዩት ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ሳልፍ፣ አንድ ልጅ ጨዋታውን ለማሸነፍ ሳይሆን ትናንት የጨረሰበትን ሰዓት ለማሳጠር ሲታገል አየሁ። ይህ ልማድ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስፒድረን ይባላል። «ጊዜህን ታባክናለህ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የሙያዬ ጥያቄ ቀደመኝ፤ ችሎታን ከችሎታ ማቀናጀትና ቅጽበትን አድፍጦ መጠበቅ በእኛ ጨዋታ ውስጥ አልነበሩምን?

ነበሩ። ስሙም ወረራ ነው።

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ተማሪዎቻችን የሚያስቡት ቁጥር የሚደረደርበትን ሣጥን ነው። ቃሉ ግን የጥንቱ የቼዝ ጨዋታችን ስም ነው። ዓፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር እንደተጫወቱ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር መዝግቧል፤ በኋላም ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን ስለ አጨዋወቱ ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ይህን ሁሉ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1971 አሳትመውልናል።

ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ እጃቸው የፈቀደላቸውን ያህል ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በተራ መጫወት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ በተማሪነቴ ይህን ሳነብ ሥርዓት ያጣ ጥድፊያ መስሎኝ አልፌው ነበር። ተሳስቻለሁ። በወረራ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው በራስ ጠጠር ላይ ብቻ አይደለም፤ ባላጋራ የሚሠራውን አሰላለፍ እያዩ የራስን መለወጥ ያስፈልጋል። ወረራው የሚያበቃው በመብላት ስለሆነ፣ አሰላለፉን ቀድሞ የጨረሰ ሰው ቶሎ መብላት ይሻል፤ ያልጨረሰው ደግሞ ጠጠሮቹን ከአደጋ አርቆ ጊዜ ይገዛል። እጅ ፈጣን መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ መቼ እንደሚቆምም ማወቅ አለበት።

ቅንጅቱም እንደዚሁ ነው። ፈርዝ የምትንቀሳቀሰው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ከ64 ቤቶችም በዕድሜው ሙሉ ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ደካማ ጠጠር ለምን ይጠቅማል? ክብሩ እዚያ ላይ ነው። ንጉሡን በፈረስ ወይም በደር ማምለጫ ማሳጣት ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ በፊሎች ወይም በተባበሩ እግረኞች ማሸነፍ ግን ያስጨበጭባል። ብቻቸውን የማይረቡትን አጣምሮ የማይጠበቀውን መሥራት ነውና።

የስፒድረን ሰዎችም የሚያደንቁት ይህንኑ ነው። ኩዌክ በተባለው የ1996 ጨዋታ ተጫዋቹ መዝለል ይችላል፤ ሮኬት መተኮስም ይችላል። እየዘለለ በዚያው ቅጽበት ወደ እግሩ ሥር ቢተኩስ ፍንዳታው ከተራ ዝላይ በላይ ያነሣዋል፤ ዋጋው የራሱ ጉዳት ነው። በዚህና በመሰል ዘዴዎች በ1997 አንድ ቡድን ጨዋታውን በከባዱ ደረጃ በ19 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ጨረሰ። በሱፐር ማሪዮ ደግሞ በአብዛኞቹ ደረጃዎች ቀጣዩ የሚከፈተው በየ21 ምስሉ፣ ማለትም በሰከንድ ሲሦ ገደማ ልዩነት ብቻ ነው። እኛ ድሬዎች ይህን በባቡር እንረዳዋለን። በሰዓቱ ለሚነሣ ባቡር ጣቢያው ቀድሞ መድረስ ጉዞውን አያሳጥርም፤ ጥቂት መዘግየት ግን ቀጣዩን ያስጠብቃል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በ1993 የወጣው ዱም የተጫዋቹን እንቅስቃሴ በሰከንድ 35 ጊዜ እየቆጠረ በፋይል ያስቀምጥ ነበር። ስለዚህ አንዱ ያገኘውን ዘዴ ሌላው አይቶ ያሻሽለዋል። የቼዝ አጻጻፍ ግን የተሠራው ለተራ ነው፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ለመያዝ መስመር የለውም። በዚህ ምክንያት የወረራ ሕግ በጽሑፍ ደረሰን፤ የእጁ ጥበብ ግን ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሌላ ዓይነት ወረራ መጣና ቤተ መንግሥቱም መኳንንቱም ሲበተኑ ጨዋታው እየጠፋ ሄደ። እኛ የታሪክ ሰዎችም የተጻፈውን ሕግ ይዘን ጨዋታውን የምናውቀው ይመስለናል። እኔ በበኩሌ አንድ ወረራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ 64 ቤት የተሰፋበት ቀይ ጨርቅ ዘርግቻለሁ፤ ጠጠሮቹ የተራ ቼዝ ናቸው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሁለት ፈቃደኞች ወደ ፊት ይምጡ፤ አንድ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ከላይ ሆኖ በስልኩ ይቅረጽ። ጥያቄዎቻችሁን ከጨዋታው በኋላ እቀበላለሁ።