የትውልድ ሐረግ ፍለጋ በኢትዮጵያ

የትውልድ ሐረግ ፍለጋ የአንድን ቤተሰብ ቀደምት ሰዎች ስም፣ ዘመንና ኑሮ ከቃል ምስክርነትና ከጽሑፍ መዛግብት እያጣሩ የማግኘት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የነገሥታት ትውልድ በዜና መዋዕል ሲጻፍ፣ የገበሬው፣ የሸማኔው ወይም የወታደሩ ታሪክ ግን በየቦታው ተበትኖ ይገኛል። አገር አቀፍ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. ስለተጀመረ፣ ከዚያ በፊት ለኖረ ቅድመ አያት አንድ ወጥ መዝገብ የለም።

ስምና ቆጠራ

ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው የቤተሰብ መጠሪያ ስም የላቸውም፤ ልጅ የአባቱን ስም ያስከትላል፣ ሚስትም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። በመሆኑም ስሙ በየትውልዱ ይለዋወጣል፣ ግን እያንዳንዱ ሙሉ ስም አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይመራል። በብዙ አካባቢ እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባት ነውር በመሆኑ ሽማግሌዎች የአባትና የእናት ወገን ቆጠራን በቃላቸው ይይዙ ነበር።

በጎጃም፣ በጎንደርና በመሳሰሉት አገሮች ደግሞ ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር፤ መብቱ በአባትም በእናትም በኩል ይወርዳል። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ይህ ሙግት ቆመ፣ ቆጠራውም ዋና ጥቅሙን አጣ። ሆኖም ለርስት ክርክር የተቆጠረ ትውልድ ለተከራካሪው እንዲመች የተቃና ሊሆን ስለሚችል፣ ከሌላው ወገን ቆጠራ ጋር ማስተያየት ይገባል።

የዘመን አቆጣጠር

አረጋውያን ልደታቸውን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት በታወቀ ክስተት ነው፦ ክፉ ቀን፣ የዐድዋ ዘመቻ (1888 ዓ.ም.)፣ የኅዳር በሽታ (1911 ዓ.ም.)፣ የጣሊያን መግባት (1928 ዓ.ም.)። ወንጌላዊው ከታወቀ ዓመቱ ይጠባል። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። «ጣሊያን አዲስ አበባን በለቀቀ ማግስት፣ በዘመነ ማርቆስ» የተባለ ልደት 1934 ዓ.ም. ይሆናል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ የጥምቀት ቀን ልደትን ያመለክታል፤ ጥር 20 ቀን በ40 ቀኑ የተጠመቀ ወንድ ታኅሣሥ 11 ቀን ተወልዷል። ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ግን የክርስትና ስሙን ነው። «አበበ» እየተባለ የሚፈለግ ሰው «ወልደ ሚካኤል» ሆኖ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ሳይጠይቁ ደብር ለደብር መዞር ድካም ብቻ ነው።

የጽሑፍ ምንጮች

በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ የውርስና የስጦታ ውል ከምስክሮቹ ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። የመንግሥት ሰነዶች ደግሞ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ይጠበቃሉ።

ለከተማ ነዋሪ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የቀበሌ የቤትና የቤተሰብ ማኅደር ዋና ምንጭ ነው። ከሁሉ የተናቀው ግን የዕድር መዝገብ ነው፤ አባሉን፣ መዋጮውን፣ ለማን ቀብር እንደተከፈለ ይይዛል። በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክም ትውልድ ቦታን፣ ሥራንና ልጆችን በአንድ ወረቀት ያጠቃልላል፤ ብዙ ቤት ከአርባ በኋላ ይጥለዋል።

ቦሌና ምሥራቅ አዲስ አበባ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ልደታ የነበረውን ከመተካቱ በፊት አካባቢው እርሻና ግጦሽ ነበር። እንደ የካና ገላን ያሉ የቦታ ስሞች የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስም ናቸው፤ የነባሩ ገበሬ ትውልድም በወረቀት ሳይሆን በጎሳ ቆጠራ ይፈለጋል። ሠፈር በፈረሰ ቁጥር ጎረቤትና ዕድር ስለሚበተን፣ ምስክር ማግኘት ከሰነዱ ይልቅ ይከብዳል።

በዚሁ ማረፊያ በኩል በጉዲፈቻ ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን እየፈለጉ ይመለሳሉ። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ተከልክሏል። ሞተዋል ተብለው የተጻፉ ወላጆች በሕይወት የተገኙበት ጊዜ ስላለ፣ ፈላጊዎቹ የፍርድ ቤቱን ሰነድ ከመንደር ሽማግሌዎች ቃልና ከዘረመል ምርመራ ጋር ያመሳክራሉ።