ስለ አው አባድር መካነ መቃብርና ስለ ሐረር ሕዝብ አመሠራረት

በሐረር ጀጎል ውስጥ ከሚገኙት 102 የአውሊያ መካናት መካከል ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው የሼክ ዑመር አል-ሪዳን፥ በተለምዶ አው አባድር የሚባሉትን ነው። «አው» በሐረሪ ቋንቋ አባት ማለት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረውም ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዳ እንዴት የአገሬው አባት ለመባል በቁ የሚለውን ጥያቄ ነው።

«ፈትሕ መዲነት ሐረር» የተባለው የዐረብኛ ጽሑፍ እንደሚተርከው፥ አባድር ከ405 አውሊያ ጋር ከሒጃዝ ተነሥተው ሐረር የገቡት በ612 ዓመተ ሒጅራ፥ ማለት በ1216 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። በ1855 እ.ኤ.አ. ከተማዪቱን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ግን ከሐድራሞት ስለ መጡ 44 አውሊያ ጽፏል። ዘመኑም ቁጥሩም የመነሻውም አገር ስለሚለያይ፥ ትውፊቱን እንደ ተረጋገጠ የዘመን ታሪክ ልንወስደው አንችልም። ይሁን እንጂ ሁለቱም አውሊያዎቹ ከዐረብ አገር የመጡ መሆናቸውን ይናገራሉ።

ታዲያ ሐረሪዎች በሙሉ የዐረብ ዘር ናቸውን? ቋንቋቸው ይህን አይደግፍም። ሐረሪ ከዐረብኛ ብዙ ቃላት ቢዋስም፥ ራሱ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን የቅርብ ዘመዱም ስልጤ ነው። ትውፊቱም አባድር ሲደርሱ ሐርላ፥ ጋቱርና አርጎባ የተባሉ ነገዶች በአገሩ እንደ ነበሩ ይናገራል። እንግዲህ በእኛ አስተያየት የአባድር ታሪክ የሚያስረዳው የአንድ ዘር መፍለስን ሳይሆን፥ የተለያዩ ወገኖች በአንድ አባት ስም መሰብሰባቸውን ነው።

ይህን ከሌላ አገር ጋር ብናስተያይ ይበልጥ ይገለጣል። በማላካ የሰፈሩ ቻይናውያን በ17ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ቼንግ ሁን ቴንግ የተባለውን ቤተ መቅደስ ሲሠሩ፥ ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን አምልኮ ተከሉበት። በጀጎል ግን መጤው ራሳቸው በአፈሩ ተቀብረው የከተማው አባት ሆኑ።

መካኑ ብዙ መንግሥታት ሲለዋወጡ አይቷል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ግንቡን አሠሩ፤ ግብፆች በ1875 እ.ኤ.አ. ገብተው በ1885 ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዪቱን ያዙ። የአሚሮቹ አገዛዝ ሲቀር የአባድር ዝክር ግን አልቀረም። ሐሙስ ማታ በሙሪዱ ጠባቂነት ዕጣን ይጤሳል፥ ቡናና ጫት ይቀርባል፥ በከበሮና በእንጨት ጭብጨባ ዚክሪ ይባላል።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ዳሩ ግን መቃብር መጎብኘትን የማይቀበሉ ሙስሊሞች ስላሉ፥ ስለ ሥርዓቱ ክርክር አለ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህም ብዙ ሐረሪዎች ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። የመጤ አባት ልጆች ዛሬ በፈንታቸው መጤ ሆነው፥ ለዕረፍት ሲመጡ አባድርን ይዘይራሉ።

በክርክሩ ፍርድ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ከግንቡና ከመቃብሩ ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው በሽማግሌዎችና በባልቴቶች አፍ ያለው ዚክሪና ትረካ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቁ ተማሪዎች ባለቤቶቹን አስፈቅደው ይህን ቃል ቢመዘግቡ፥ ለሐረር ታሪክ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል እንላለን።